ልዕልቲቱ ስለ ወጌሻው አባቴ የጻፉት ደብዳቤ

ሰኞ፣ ማርች 1988

አልጽፍም አልኳቸው። ፊት ለፊት። ልዕልት ናቸው እንጂ አለቃዬ አይደሉም። አባዬ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠኝ፣ ዝም በይ ማለቱ ነው። ዝም አላልኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባዬ ወጌሻ ነው። በሥራ ቀን ሆሊውድ የሰው መኪና ፓርክ ያደርጋል፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሳሎናችን ውስጥ የወለቀ ትከሻ ይመልሳል፣ የተሰበረ ጣት ያስራል። ባለፈው ሳምንት አንድ የጤና ቢሮ ሰው በር አንኳኩቶ ወረቀት ሰጠን። ያለ ላይሰንስ ሰው ታክማለህ ተብለህ ተጠቁመሃል፣ ዓርብ ቀርበህ መልስ ስጥ ይላል። ማን እንደጠቆመ አናውቅም። አባዬ ግሪን ካርዱን ገና እየጠበቀ ነው። ክስ ከመጣ እሱም ይቀራል። እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄ ነው።

ልዕልቲቱ (ስማቸውን እዚህ አልጽፍም) ፒኮ ሮበርትሰን ሰፈር አንዲት ትንሽ አፓርታማ ውስጥ ነው የሚኖሩት። አምና መታጠቢያ ቤት ወድቀው የወለቀ ትከሻቸውን አባዬ ነው የመለሰላቸው። አሁን ለስቴቱ ገዥ ልጻፍ ብለው ተነሡ። የባህል ሕክምና በመንግሥት ይታወቅ፣ ወጌሻም ላይሰንስ ይሰጠው ብለው፣ በማዕረጋቸው። እኔ ሆስፒታል መዝገብ ቤት ስለምሠራ እንግሊዝኛውን አቃንቼ ታይፕ እንዳደርግላቸው ነው የፈለጉት።

አላደርግም። የንጉሥ ዘመድ መሆን ስለ አጥንት ምን ያሳውቃል? ገዥው ልዕልት ስለጻፈች ብሎ ካመነ፣ ነገ ደግሞ ሌላዋ ልዕልት ለጠንቋይ ትጽፍለታለች። የአባዬ እጅ ጥሩ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ዘውድ አያስፈልገውም።

ማክሰኞ

አባዬ አኩርፏል። ሽሮውን ሳይነካ ወጣ። ጠዋት የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ደጅ የሚጠናልን ሰው ስናገኝ ታባርሪያለሽ?» ደጅ ጥናት። ሎስ አንጀለስም መጥተን ደጅ ጥናት።

ከሥራ ስወጣ ፌርፋክስ ጎዳና ያለው እትዬ ብዙነሽ ምግብ ቤት ገባሁ። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። «አንቺ ልጅ፣ ይሄ ሁሉ ለአባትሽ ብለሽ ነው ወይስ ለአፍሽ?» አሉኝ እትዬ ብዙነሽ። ለሁለቱም አልኳቸው። ሳቁብኝ። ከወዲያኛው ጠረጴዛ አንድ ታክሲ ነጂ ደግሞ፣ «ሶ ዋት፣ ልዕልት ቢጽፉ ምን ይጎዳል?» አለ።

ምንም ሳላዝዝ ወጣሁ። እስከ ቤት ስናደድ ነው የሄድኩት።

ረቡዕ

ምን እንደሚጎዳ አገኘሁት።

ይተዉት ልላቸው ልዕልቲቱ ቤት ሄድኩ። ሻዩን ራሳቸው አቀረቡልኝ፤ ሠራተኛ የላቸውም። ልዕልትነት ላይሰንስ አይደለም አልኳቸው። አልተቆጡም። «ልጄ፣ ሐኪም ነኝ አላልኩም። ድሮ ደጃችን ላይ አቤት ሲባል ስንቱን ሳንሰማ ቀረን። አሁን እኔ አቤት ብል ምን አለበት?» አሉ። አናደዱኝ፣ ጥሩ መልስ ስለሆነ።

ከዚያ ረቂቁን አሳዩኝ። አምስት ገጽ። መጀመሪያው ማዕረግና የአያት ስም ነው። ከሦስተኛው ገጽ ጀምሮ ዝርዝር፦ አባዬ የጠገናቸው አርባ አንድ ሰዎች፣ ከነስማቸው፣ ምናቸው እንደተሰበረ፣ በየትኛው እሑድ እንደመጡ። አባዬ ራሱ ነው ቁጭ ብሎ ያስጻፋቸው፣ ደረቱን ነፍቶ። እኛ እንዲህ ነን። አቤቱታ ሲባል ምስክር እንቆልላለን። የዚህ አገር ቢሮ ግን ያንን ሲያይ ምስጋና አይታየውም፤ ሰውየው ያለ ላይሰንስ አርባ አንድ ጊዜ ሠርቷል ነው የሚለው። ከሰዎቹ ግማሾቹ ደግሞ የመኖሪያ ወረቀት የላቸውም። ስማቸው መንግሥት ዘንድ እንዲደርስ የሚፈልግ አንድም የለም።

ይህን ስነግራቸው ብርጭቆውን አስቀመጡ።

«በገዛ እጄ ላሳስረው ነበር?» አሉ።

ይመስለኛል አልኩ። እስክሪብቶ አነሡና አርባውን ስም አንድ በአንድ ሰረዙ። የራሳቸውን ተዉት። «እኔን ማንም ምንም አያደርገኝም» አሉ። እንግዲያው ታይፕ አደርጋለሁ፣ ግን ማዕረጉም ይሰረዝ፣ ለገዥውም አይሂድ፣ ለዓርቡ የጤና ቢሮ ሰው ብቻ ይሰጥ አልኩ። አርባውን ስም ለመሰረዝ ከፈጀባቸው ጊዜ ይልቅ ያችን አንዲት ቃል ለመሰረዝ የፈጀባቸው ይበልጣል። ሰረዟት።

ሐሙስ

በምሳ ሰዓት ታይፕ አደረግኩት። አንድ ገጽ። ስማቸው፣ ትከሻቸው፣ በኋላ ራጅ ያነሣቸው ሐኪም በቦታው ገብቷል እንዳላቸው። ሌላ የለበትም።

የዛሬው ጠብ ከአባዬ ጋር ነው። ስሞቹ መሰረዛቸውን ሲሰማ፣ «ሰው ነክቼ አላውቅም ልበል?» አለ። እንደሱ አይደለም፣ ስለራስህ ተናገር፣ ሌላውን ግን አታስነካ አልኩት። አሰበበት። «በእጄ የሠራሁትን አልክድም። ሰውም አልጠቁምም» አለ። የፈራሁት ይህንኑ ነበር፤ ሲለው ግን ደስ አለኝ። ነገ የምተረጉምለት እኔ ነኝ። አንዲት ቃል አልቀንስበትም።

የምፈራቸው፦ ግሪን ካርዱ። የኔ የሆስፒታል ሥራ። አባዬ ሲናደድ መጮሁ። ልዕልቲቱ እመጣለሁ ማለታቸው።

ዓርብ

አለቀ ልበል ወይስ ገና ነው፣ አላውቅም።

ልዕልቲቱ መጡ። የጤና ቢሮው ኮሪደር ውስጥ ከኛ ጋር ደረቅ አግዳሚ ወንበር ላይ ሁለት ሰዓት ተቀመጡ። ጸሐፊዋ ማን ልበል ስትላቸው፣ እኔ አፌን ሳልከፍት በእንግሊዝኛ «ታካሚ» አሉ።

የቢሮው ሰው ደብዳቤውን አነበበና ስንት ሰው አክመሃል ሲል አባዬን ጠየቀው። «ብዙ። ስማቸውን ግን አልነግርህም» አለ አባዬ። ቃል በቃል ተረጎምኩ። ለምን ሐኪም ቤት አትልካቸውም ሲለው፣ «ከሐኪም ቤት እኮ ነው ወደኔ የሚመጡት» አለ። ሰውየው እሱንም ጻፈው።

ውሳኔው በፖስታ ይመጣል። እስከዚያ ማንንም እንዳትነካ፣ እዚህ ጋ ፈርም ተባለ። አባዬ ሁለት ጊዜ አስተረጎመኝና ፈረመ። በአማርኛ።

ፓርኪንጉ ጋ ስንደርስ ልዕልቲቱ ትከሻቸውን ያዙ። ያ አግዳሚ ነው ያሳመማቸው። «እስቲ አንዴ እየው» ብለው እንደለመዱት ጀርባቸውን ሰጥተውት ቆሙ። አባዬ ዕድሜውን ሙሉ የእሳቸውን ወገን፣ መሳፍንቱን፣ እምቢ ብሎ አያውቅም። እጆቹን ኪሱ ከተተ።

«ፈርሜያለሁ፣ ልዕልት» አለ።

እሳቸውም እሺ ብለው ቀስ ብለው መኪናው ውስጥ ገቡ። ድራይቭ ያደረግኩት እኔ ነኝ። እስከ ፒኮ ድረስ አባዬ እጁን ከኪሱ አላወጣም።