በፎርማን ካርድ ላይ የተጻፈው ስህተት የእኔ ነው

ለእንስሳት ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ የካቲት 13 ቀን 2015 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ በካርድ ቁጥር 412 የተመዘገበችው ሽባ ጥንቸላችን እንድትወገድ የተሰጠው ትእዛዝ ታግዶ ሕክምናዋ እንዲቀጥልልን ስለመጠየቅ

የተከበሩ ኃላፊ፣

1. እኔ አመልካች መጋረጃ እየሰፋሁ የምተዳደር ሴት ነኝ። ባለቤቴ የረጅም መንገድ ሾፌር ስለሆነ በወር አንዴ ብቅ ቢል ነው፤ ቤቱን የምንጠብቀው እኔና አማቼ ነን። አማቼን አባባ ስለምላቸው ከዚህ በታችም እንደዚያው እጽፋለሁ። ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነውና አጻጻፌ ቢንጋደድ ይለፉኝ። ማመልከቻ ጸሐፊ ዘንድ ሄጄ ነበር፤ ነገሩን ስጀምርላቸው «ይሄንን እንኳ ባንጠቅሰው ይሻላል» አሉኝ። መጠቀስ ያለበት እሱ ስለሆነ ወረቀቴን ይዤ ተመለስኩ።

2. ጥንቸሏ የአባባ ናት፤ ስሟም ፎርማን ነው። አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ አናጢ ነበሩ። ከሦስት ዓመት በፊት ቀኝ እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር መላጊያውን አስቀመጡና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አድርገው ይውሉ ጀመር። እንዴት አደሩ ስላቸው አንገታቸውን ነቅነቅ፤ በቃ። አንድ የድሮ ደንበኛቸው ይቺን ጥንቸል ገና ግልገል ሳለች አምጥቶ ሰጣቸው። ከሥራ ጠረጴዛቸው ሥር ቁጭ ብላ፣ ሁለት እጇን ሰብስባ፣ ዓይኗን ሳትነቅል ስታያቸው ጊዜ «ይቺ ደግሞ እንደ ፎርማን የምትቆጣጠረኝ ምን ልታሠራኝ ነው?» አሉ። በዓመት ውስጥ ከአፋቸው የሰማሁት ረጅም ነገር ይኸው ነበር። ከዚያ ወዲያ ከእሷ ጋር ያወራሉ፤ አልፎ አልፎ ለእኔም ይተርፈኛል። ጎረቤት «ሥጋ እኮ ናት፣ ምን አንቀባረራችኋት» ይላል። ይበል። እኛ ቤት ውስጥ ሰው ያናገረች እሷ ናት።

3. ታኅሣሥ 3 ቀን ወገቧ ላይ ጉዳት ደረሰባትና የኋላ እግሮቿ ሞቱ። ጉዳቱ እንዴት እንደደረሰ በቁጥር 6 እመለስበታለሁ፤ አሁን ቅደም ተከተሉን ልጨርስ። በማግስቱ እኔና አባባ በካርቶን ይዘናት ወደ ክሊኒኩ ሄድን። መስኮቱ ላይ ያለችው ካርድ አውጪ «መነሻው ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም «አላወቅንም፣ ጠዋት ስንነሳ እንዲህ ሆና አገኘናት» አልኩ። እሷም በካርዱ ላይ «ምክንያቱ ያልታወቀ ሽባነት» ብላ ጻፈች። ልጅቷ ያላልኩትን አልጻፈችምና በዚህ ጉዳይ ማንም እንዳይወቅሳት እለምናለሁ።

4. በጊዜው የነበሩት ሐኪም፣ ቀጭኑ፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ አልናቁንም። እንዲህ የሆነች ጥንቸል ሽንቷን በራሷ መጨረስ ስለማትችል ፊኛዋ ካልተጨመቀ እንደምትመረዝ አስረዱኝ። እጄን ከእጃቸው ሥር አድርገው፣ ሆዷን በሁለት ጣት ደግፎ ቀስ እያሉ ወደ ኋላ መጫንን አስተማሩኝ። ጠዋት፣ ቀትር ላይ፣ ማታ። ሁለት ወር ሙሉ አንድ ቀን አልዘለልኩም። ሽንት የሚያቃጥለውን ቆዳዋን በለብ ያለ ውሃ አጥባለሁ፣ አደርቃለሁ፣ ቅባት እቀባለሁ። አባባ ደግሞ ከአሮጌ ሻንጣ ጎማ ነቅለው፣ በሚንቀጠቀጥ እጃቸው ምስማሩን አንዴ እየሳቱ አንዴ እያገኙ፣ ከወገቧ በታች የሚይዛት ትንሽ ጋሪ ሠሩላት። በሦስት ዓመት ውስጥ የሠሩት የመጀመሪያው ነገር ነው። ከደጃችን ያለው ጎሚስታ በጋሪዋ ስታልፍ ባየ ቁጥር «ፎርማን፣ ጎማሽን ልንፋልሽ?» ይላታል። አባባ ይስቁ ነበር።

ቀጭኑ ሐኪም በጡረታ ሊሰናበቱ በመጨረሻው ቀናቸው፣ አባባ ውጭ እየጠበቁ ሳለ፣ ወገቧን ዳሰስ አድርገው «እናቴ፣ ይሄ በሽታ አይመስለኝም። የተመታ ነገር ነው» አሉኝ። እኔም የካርቶኑን ክዳን ሳስተካክል ቆየሁ። እሳቸውም አልደገሙትም።

5. የካቲት 7 ቀን አዲሷ ሐኪም ካርዱን አይተው ደብዳቤ ሰጡን። ምክንያቱ ያልታወቀ ሽባነት በተላላፊ በሽታ ስለሚያስጠረጥርና በአካባቢው ጥንቸል አርቢዎች ስላሉ ሕክምናዋ ተቋርጦ እስከ ሐሙስ የካቲት 16 ቀን ድረስ ለማስወገድ ትቅረብ ይላል። ብለምናቸው «እኔ የማነበው ካርዱን ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ለአርቢዎቹ ኑሯቸው ነው፤ ለእኛ አንድ ጥንቸል ሲባል የእነሱ ጥንቸል ሁሉ ይጥፋ ማለት አልችልም። ደንቡ ጥሩ ነው፤ የእኔ ቃል ነው የተበላሸው።

ደብዳቤውን ለአባባ ሳነብላቸው «ተላላፊ» ከሚለው ላይ አስቆሙኝና ድገሚው አሉ። ደገምኩት፤ «ከእኔ ነዋ የተላለፈባት» አሉ። ለካ ሁለት ወር ሙሉ «ያመማት በእኔ ኮላና ቫርኒሽ ነው» እያሉ በልባቸው ይዘውት ኖሯል፤ ቀጭኑንም ሐኪም ጠይቀዋቸው፣ እሳቸው ደግሞ «መነሻው ካልታወቀ እሱ አይደለም ማለት አልችልም» ብለዋቸው ኖሯል። በማግስቱ ጠዋት የኮላና የቫርኒሽ ጣሳዎቻቸውን ለቅመው አውጥተው ጣሉ። ቀጥለው መጋዙን፣ መላጊያውን፣ መዶሻውን፣ ሜትራቸውን ሳይቀር በጆንያ ከተው ጎሚስታውን ጠሩና «ውሰድልኝ፣ እጄ መርዝ ነው» አሉት። ጎሚስታው ጆንያውን ተሸከመ። ጆንያው ሲወጣ በሩን የያዝኩት እኔ ነኝ።

6. ስለዚህ እውነቱን እጽፋለሁ። የመጋረጃ ጨርቅ በጣቃ ነው የሚመጣልኝ፤ ወፍራሙ ጣቃ ለሁለት ሰው ሸክም ነው። አባባ ስንት ጊዜ «ጣቃ አይቆምም፣ አጋድሚው» ብለውኛል። እኔ ግን ቦታ ይቆጥብልኛል ብዬ ግድግዳ አስደግፌ አቆመዋለሁ። ታኅሣሥ 3 ቀን ከሰዓት በኋላ ሥራ አጣድፎኝ ከኋላ ያለውን ስስብ የፊቱ ሸርተት አለና ወደቀ። ፎርማን ከሥሩ ተኝታ ነበር። ጥንቸል ድምፅ እንዳላት ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። እንደ ሕፃን ነው የጮኸችው፣ አንዴ ብቻ። አባባ ሱቅ ሄደው ነበር። ጣቃውን እንደምንም ብቻዬን አነሳሁ፣ እሷን አቅፌ አልጋዋ ላይ አስተኛኋት፣ ጣቃውን መልሼ አቆምኩት። ሲመጡ «ዛሬ ተኝታለች» አልኳቸው። መስኮቱ ጋ ስጠየቅ አባባ አጠገቤ ቆመው ዓይን ዓይኔን ያዩኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ቃሌን የማርምበት ቀን ጠፍቶ አይደለም፤ ሁለት ወር ሙሉ በየቀኑ ነበረ።

7. ዓርብ ዕለት የዚህን ማመልከቻ ረቂቅ ከላይ እስከ ታች አነበብኩላቸው። ሰምተው ተነሡ። እስከ ዛሬ አንድ ቃል አላናገሩኝም። ያቀረብኩላቸውን ምግብ እኔ ከክፍሉ ሳልወጣ አይነኩም። ፎርማንን ስጨምቃት ግን ይመጡና ከፊት ለፊቴ ጭንቅላቷን ይዘው ይቀመጣሉ፤ ጨርሼ ስነሣ እሳቸውም ይነሣሉ። እኔ ወሬ ሳላወራ መዋል የማልችል ሴት ነኝ፤ ይህ ዝምታ ጥርሴን ነው የሚያሳምመኝ። የሚገባኝ ስለሆነ ግን በዚህ ላይ ለእርስዎ የማቀርበው አቤቱታ የለኝም።

8. ከቅዳሜ ጀምሮ ሽንቷ ቀይ ሆኗል። ዛሬ ጠዋት ስጨምቃት ጠብ የሚል ትንሽ ነገር ብቻ ነው የወጣው፤ ሆዷ ጠጥሯል፣ መኖዋንም አልነካችም። ከዚህ በላይ ብጫን ፊኛዋ ይፈነዳብኛል ብዬ ፈራሁ። እኔ ጨርቅ ነው የማውቀው። እጄ የቀጭኑን ሐኪም እጅ ሊተካ የሚችለው እስከዚህ ድረስ ነው።

ስለሆነም፦

በካርድ ቁጥር 412 ላይ «ምክንያቱ ያልታወቀ» የሚለው ተሰርዞ «ጣቃ ጨርቅ ወድቆባት» ተብሎ እንዲጻፍልኝ፤ ቃሌ ብቻ አይታመንም ከተባለ ራጅ እንድትነሣ፣ የተሰበረ አጥንት ራሱ ይናገራልና፤

ራጁ እስኪታይ ድረስ የሐሙሱ ትእዛዝ እንዲታገድ፣ ሽንቷ ግን ሐሙስን ስለማይጠብቅ ዛሬውኑ አንድ ሐኪም እንዲያያት፤

ሐኪም አይቷት ከዚህ በላይ ማሠቃየት ነው ካለ፣ እንቀበላለን። ያን ጊዜ የምንለምነው ከክሊኒኩ ጀርባ የሚወገዱ እንስሳት በሚከተቱበት ሣጥን ተጥላ ተራ እንዳትጠብቅ፣ በመርፌ፣ አባባ ጭንቅላቷን እንደያዙ እንዲሆን ነው። ካርዱ ግን ያኔም ቢሆን ይታረም። ሞታም ቢሆን በአባባ እጅ አልሞተችም፤ ይህ በመሥሪያ ቤቱ ማኅተም ተጽፎ ይሰጠኝና በሥራ ጠረጴዛቸው ላይ ላስቀምጥላቸው።

ሐሰት በማስመዝገቤ የሚደርስብኝ ቅጣት ካለ ያለ ክርክር እቀበላለሁ።

9. ይህን ገልብጬ ልፈርም ስል ምድጃው ላይ የጣድኩት የፎርማን መታጠቢያ ውሃ ገነፈለና ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ትቼ ሮጥኩ። ስመለስ ከግርጌው ላይ በአናጢ እርሳስ የተሠራ ሥዕል አገኘሁ። ግድግዳው አለ፣ የቆመው ጣቃ አለ፣ የወደቀበትም መንገድ በነጠብጣብ ተሰምሯል፤ ቁመቱና ውፍረቱ በሴንቲሜትር ተጽፏል። ከሥሩ ሁለት ጆሮ ብቻ ተሥሏል። መስመሩ ተንቀጥቅጧል፣ ልኩ ግን ትክክል ነው፤ እኔም ሄጄ ለካሁት። ሜትራቸውን ከጎሚስታው አስመልሰዋል ማለት ነው። ከሥዕሉ በታችም በዚያው እርሳስ ፈርመውበታል፤ እኔን ግን አሁንም አላናገሩኝም።

በእርሳስ የተፈረመ አይቆጠርም ከተባለ እባክዎ ወረቀቱን አይመልሱብኝ። እኔን ያስጠሩኝ፣ ለአባባ እስክሪብቶ ይዤላቸው አብረን እንመጣለን።

ከሰላምታና ከኀፍረት ጋር

አመልካች፦ መጋረጃ ሰፊዋ (ፊርማ)

የጥንቸሏ ባለቤትና ምስክር፦ አማቼ፣ አናጢው (በእርሳስ ተፈርሟል)