በአዝራር ቆርቆሮ ውስጥ ስለተገኙ ሃያ ሦስት ክኒኖች

ለተከበሩ የጤና ጣቢያችን ዋና ኃላፊ

በዕድሜ ልጄ፣ በሥልጣን አባቴ የሆኑት ክቡር ሆይ፤ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኔ ከዓይኔ፣ ከጆሮዬና ከባለቤቴ ቁጣ በቀር ደህና ነኝ። የእርስዎን ጉልበት እንኳ መጠየቅ አያስፈልገኝም፤ ባለፈው ሰሞን ዘበኛው ባለጉዳይ እንደሚጠብቅዎ ሲነግርዎ በጓሮ በር የወጡበትን ፍጥነት በዓይኔ አይቻለሁና። ዕድሜ ከጤና ጋር ይጨምርልዎ።

እኔ ከጤና ጣቢያው ማዶ አራተኛ ፎቅ ላይ የምኖር አሮጌ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የምጽፍልዎም ስለ ባለቤቴ ነው። አምና የልቧ ደም ሥር ጠብቦ ተገኝቶ በትልቁ ሆስፒታል ተከፈተላት፤ ኮሌስትሮል የሚቀንስ ክኒን ታዘዘላትና አንድ ቀን እንኳ እንዳታቋርጥ ተነግሯት ክትትሏ ለእናንተ በአደራ ተሰጠ። አደራውን እንዴት እንደጠበቃችሁት ልዘርዝር፤ ምስጋና ነውና ሳይቸኩሉ ያንብቡልኝ።

አንደኛ፣ ስለ መመዝገቢያ መስኮታችሁ አመሰግናለሁ። ክኒኑን በጀመረች በሁለተኛው ወር ጭኗንና ባቷን ይቆረጥማት ጀመር፤ በየፎቁ እየቆመች “አንተ ሽማግሌ፣ ምነው ምድር ቤት የሚኖር ባል ባገባሁ ኖሮ!” ትለኝ ነበር። ሕመሟን ልትናገር ብትመጣ በመስኮቱ በኩል የቀረበላት ጥያቄ ክኒኑን ትወስድ እንደሆነና እንዳልሆነ ብቻ ነበር። “እወስዳለሁ፣ ግን እግሬን…” ከማለቷ “ትወስዳለች” ተብሎ ተጻፈ፣ ተረኛው ተጠራ። ለካ ቅጻችሁ ላይ “ግን” ለሚል ሰው ቦታ የለም። የሐኪም ቀጠሮዋም ከአራት ወር በኋላ ሆነ።

ሁለተኛ፣ እግሩን የሚያመው ሰው ሩቅ እንዳይሄድ በማሰብ ከመስኮቱ ሦስት እርምጃ ላይ ሰፕሊመንት የሚባለውን ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጥ ማሟያ እንክብል ስለደረደራችሁ አመሰግናለሁ። የኮሌስትሮል መድኃኒት ጡንቻውን ላሳመመው ሁሉ መፍትሔው ይኸው ነው ይላል ማስታወቂያው። ሻጩን ማስረጃ ብጠይቀው “አባባ፣ ስንቱ ድኖበታል መሰለዎት!” አለኝ፤ እኔም ገዛሁ።

ጉድ እኮ ነው፣ ሠራ! ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ባለቤቴ አራቱን ፎቅ ሳታርፍ ወጣች። አፌን ሞልቼ ለሕንጻው ሁሉ አወራሁ። ሦስተኛ ፎቅ ያለው ጡረተኛ ሾፌር ያንኑ ክኒን ይወስዳል፣ እግሩንም ያመዋል፤ በእኔ ምስክርነት ሰፕሊመንቱን ገዝቶ ከክኒኑ ጋር ቢውጥ ምንም ጠብ አላለለትም። እኔ ደግሞ “አንተ ድሮም ሲነግሩህ አትሰማም፤ አወሳሰዱን አበላሽተህ ነው” ብዬ አላገጥኩበት።

ሦስተኛውን ለመጻፍ እጄ ይከብደኛል። ባለፈው ማክሰኞ ለአንድ ካፖርት አዝራር ስፈልግ ቆርቆሮዬን ገለበጥኩ። ነጭ አዝራር አገኘሁ ብዬ ባገላብጠው፣ ባገላብጠው፣ መርፌ የማስገባበት ቀዳዳ አጣሁበት። ክኒን ነው። ብቆጥራቸው ሃያ ሦስት ናቸው። ሰፕሊመንቱ ቤታችን ከገባም ልክ ሃያ ሦስት ቀኑ ነበር፤ ከዚያ ጀምሮ ባለቤቴ ክኒኑን አንድ ቀን እንኳ አልዋጠችም፤ ለካ ሕመሙ የለቀቃት መድኃኒቱን ስለተወች ነው። ለምን ብላት “ልቤን ማን ያየዋል? ደረጃው ላይ ስቆም ግን አገር ያየኛል” አለችኝ።

በሌላ ከተማ የመድኃኒት ባለሙያ የሆነችው የልጅ ልጃችን በስልክ ተቆጣችን። በእነዚህ ሰፕሊመንቶች ላይ ጥናት መደረጉን፣ አንዳንዱ ትንሽ ይረዳል ቢልም አብዛኛው መድኃኒት ከሌለበት ባዶ ክኒን የተለየ ነገር እንዳላገኘ ነገረችን። ሐኪም ግን ደም መርምሮ፣ መጠኑን ቀንሶ ወይም መድኃኒቱን ለውጦ መላ ሊፈልግለት ይችላል አለች፤ መላ የሌለው በራስ ፈቃድ ማቆም ብቻ ነው። ሾፌሩን ወርጄ ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ክኒኑን እንዳይተውም አስማልኩት። ባለቤቴን ግን ማስማል አልቻልኩም። እግሯን የሚሰማላት ሐኪም ካላገኘች ክኒኑን ላትነካው ቆርጣለች፤ ሌላ ጤና ጣቢያ ብንሄድ ደግሞ መዝገቧ እናንተ ዘንድ ነው ብለው መለሱን።

ስለዚህ ክቡርነትዎ ሳይከፋዎ፣ ቀጠሮዋ ወደዚህ ሳምንት እንዲመጣ፣ ቅጹም ላይ አንዲት ባዶ መስመር እንድትጨመር፣ ሻጩም ሰው መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ አብሮ እንዲናገር በትሕትና እለምናለሁ። እስከዚያው በየማለዳው ክኒኑን ከውኃ ጋር ፊቷ አስቀምጣለሁ፤ እሷ ክኒኑን ታያለች፣ እኔ እሷን አያለሁ፣ ውኃው እንደተሞላ ይመለሳል።

ዘመንዎ ይባረክ፣ ወንበርዎ ይጽና፣ የእናትዎንም እግር እግዜር ከመስኮታችሁ ይሰውርልን እያልኩ፣

ከአክብሮት ጋር፣
ከማዶ ያለው ሽማግሌ ልብስ ሰፊ

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤውን ባነብላት ባለቤቴ አንድ ነገር እንዳስቀረሁ ነገረችኝ። በእነዚያ ሃያ ሦስት ቀናት ታናሽ እህቷን ሦስት ጊዜ ሄዳ ጠይቃለች፣ መንገድ ላይም ከሰው ቆማ ስቃለች። እንግዲህ ከተከታተላችኋት ጊዜ ሁሉ ደስ ብሏት የኖረችው ያልተከታተላችኋት ጊዜ ነው፤ ለዓመታዊ ሪፖርትዎ የሚጠቅም ከሆነ እባክዎ ይውሰዱት፤ እኔ ግን በዚያው ደስታዋ መካከል እንዳላጣት እፈራለሁ።