ያሳደገችኝ ሴት ዜሮ ለወጣችበት የዕድራችን ኮምፒውተር

ለተከበሩ አቶ ሽመክት
የሰፈራችን ዕድር ሊቀመንበር
ባሉበት

የተከበሩ ሊቀመንበር ሆይ፣ እርስዎም ቤተሰብዎም እንደምን ሰነበታችሁ? ጉልበትዎን ይዞዎት የነበረው ሕመም እንደለቀቀዎት፣ የሰሞኑ ሙቀትም እንዳልከበደዎት ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ትንሽ ደከም ከማለቴ በቀር ተመስገን ደህና ነኝ። ደብዳቤዬን በእጅዎ ለመስጠት ደጋግሜ ቢሮ መጥቼ ነበር፤ ከምሳ በፊት ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ከምሳ በኋላ ደግሞ በዚህ የድሬ ፀሐይ ማን ይገኛል ብለው የቢሮው ሰዎች መለሱኝ። እርስዎን ላለማስቸገር ብዬ አዳራሹ በር ላይ ለጥፌዋለሁ፤ አላፊ አግዳሚው አንብቦ ይነግርዎታል።

በመጀመሪያ ዕድራችንን ዘመናዊ ስላደረጉልን አመሰግናለሁ። ድሮ ሰው ሲሞት ትልልቆቹ ተሰብስበው ድንኳኑ ስንት ቀን ይቁም፣ ስንት ወንበር ይሂድ፣ ለቅሶ ቤት ማን ያድራል የሚለውን በአፋቸው ይጨርሱት ነበር። ይጨቃጨቁም ነበር፣ አልዋሽም። አሁን ጭቅጭቁን ኤክሴል ተረክቦልናል፤ ከኤክሴል ጋር ደግሞ የሚጨቃጨቅ የለም።

አሠራሩ ያልገባችሁ አባላት ካላችሁ፣ የሠራው ሰይፈ ሚካኤል ራሱ እንዳስረዳኝ ልንገራችሁ። ሰይፈ ሚካኤል የመጋዘን ሒሳብ ሠራተኛ ነው፣ ይህንንም የሠራልን በነፃ ነውና እግዜር ይስጠው። ደንባችን አንዲት የኤክሴል ሣጥን ውስጥ እንደ ጽሑፍ ተቀምጧል፤ «የድንኳን ቀን = ዝምድና × 3» ይላል። «ዝምድና» እዚያ ላይ ስም ብቻ ነው፣ ለቁጥር ቦታ ይይዛል። ሰው ሲሞት ማክሮ የሚሉት ትእዛዝ ይነሣና ጽሑፉን ያነባል፣ ሟቹ ለአባሉ ምኑ እንደሆነ ከሠንጠረዥ ፈልጎ በስሙ ቦታ ቁጥር ያስገባል፣ ከዚያ ያባዛል፤ ወንበሩና ለቅሶ ቤት የሚያድረው ሰውም በዚሁ ዓይነት ይሰላል። እናት፣ አባት፣ ባል፣ ሚስት፣ ልጅ፣ ወንድምና እህት አንድ ናቸው። አማትና አማች ግማሽ ናቸው። ደንቡ ሲለወጥ ጽሑፏን ማረም ብቻ ነው፣ ማክሮው አይነካም አለኝ። እውነቴን ነው፣ ሐሳቡን ወድጄለታለሁ። ቅር ያሉኝ ነገሮች እነዚህ ናቸው።

፩ኛ. የአቶ በዛብህ አማት ያረፉ ዕለት ማክሮውን ያስነሣው ሰው ስላልነበረ፣ ጽሑፉ እንዳለ ታትሞ ለድንኳን ጫኛችን ለዳሂር ተሰጠው። ዳሂር ወረቀቱን ይዞ ለቅሶው መሀል ገባና «አቶ በዛብህ፣ አላህ ሰብሩን ይስጥዎት፣ ዝምድናችሁ ስንት ነው?» አለ። በዛብህ እያለቀሰ «የሚስቴ እናት ናት እኮ» ቢለው፣ «እሱንማ አውቃለሁ አቦ፣ በቁጥር ስንት ናት?» አለው። አልቃሹ ሁሉ ነጠላውን አፉ ላይ አደረገ። በሐዘን ቤት እንድንስቅ ስላደረጉን ምስጋናዬ የላቀ ነው።

፪ኛ. በኋላ ማክሮው ተነሣ። ግማሽ በሦስት ሲባዛ ቀን ተኩል ሆነ። በማግስቱ ልክ እኩለ ቀን ላይ ድንኳኑ ከነተቀመጥንበት ተነቀለ። እኔ የምሳ ትሪ በእጄ ይዤ ነበር። ፀሐይዋ ስትወርድብን ሴቶቹ ወደ ግድግዳው ጥላ ሸሹ፣ አንድ ሽማግሌ ብቻ ወንበራቸውን ሙጭጭ አድርገው «የእኔ ግማሽ ገና አልሞላም» ብለው ቀሩ። ሐዘን ግማሽ እንዳለው ያወቅነው በእርስዎ ዘመን ነው።

፫ኛ. ይህኛውን ቀልድ አድርጎ ለማውራት አቅም የለኝም፣ ዝም ብዬ ልናገረው።

እናቴ የሞተችው ገና የወተት ጥርሴ ሳይነቀል ነው። አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ሲሄድ ሰንብቶ ሲመጣ ሰንብቶ፣ በመጨረሻ ሄዶ ቀረ። በሯ ከበራችን ፊት ለፊት የነበረው ጎረቤታችን ዐስሊ እጄን ይዛ ቤቷ አስገባችኝ። በሶማልኛ ሆዮ እላታለሁ፣ እናቴ ማለት ነው። እሷ ወደ መስጊድ ስትሰናዳ እኔን ቀድማ አጥባ ወደ ቤተ ክርስቲያን ትሸኘኝ ነበር። ዳረችኝ፣ ስወልድ አረሰችኝ። ልጅ አልወለደችም። አሁን አልጋ ላይ ናት፣ እኔ ቤት ናት፣ የሐኪሙንም ፊት አይቼዋለሁ።

ዕድሩ ቤተሰባችሁን ኮምፒውተር ላይ አስመዝግቡ ሲል መጥቼ «ያሳደገችኝ» ብዬ አስጻፍኩ። ለእያንዳንዱ ዘመድ የሚደርሰውን የሚያሳየው ወረቀት ወጣ። ድንኳን ዜሮ፣ ወንበር ዜሮ፣ ለቅሶ ቤት የሚያድር ሰው ዜሮ። ሰይፈ ሚካኤል ራሱን እያከከ፣ «ያሳደገ» የሚል በሠንጠረዡ ስለሌለ ቦታው ባዶ ይቀራል፣ ማክሮው ደግሞ ባዶን እንደ ዜሮ ይቆጥራል፣ በዜሮ የተባዛ ሁሉ ዜሮ ነው አለኝ። ስሕተት አለ ብሎ እንኳ አይጮህም። ሥራውን እንደጨረሰ ሰው ዝም ይላል።

እርስዎ ዘንድ መጣሁ። «ሲስተሙ አያውቃትም» አሉኝ። ከዚህ ሰፈር እሷ ያልደረሰችበት ለቅሶ የለም፤ የእርስዎ ወንድም ሲያርፍ እንኳ ከበር ላይ ሳትነሣ የሰነበተች እሷ ናት። ሲስተሙ ያኔ ስላልተወለደ አልፈርድበትም። ቀጥለው «እንግዲያው እናት በያት» አሉኝ። ብያት ነበር፤ ወላጅ እናቴ ሞታለች ተብላ በመዝገብ ስላለች፣ ኮምፒውተሩ እናትሽ አንድ ጊዜ ተቀብራለች ብሎ መለሰኝ። ለጥቆም «በሚመጣው ጠቅላላ ጉባኤ እናየዋለን» አሉኝ። ጉባኤው የሚመጣው ዓመት ነው። ሆዮ ቀጠሮውን እንድታከብር አስታውሳታለሁ።

ቤት ስገባ ምን አሉሽ አለችኝ። ነገርኳት። እስክታስል ሳቀች። «አቦ ተያቸው ሰርኬ፣ ዜሮ ሰው አይሞትም፣ እስኪጽፉኝ እቆያለሁ» አለች። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረችና «ሰው ግን ይመጣል?» አለችኝ።

የተከበሩ ሊቀመንበር፣ ይመጣል ብያታለሁ። ድንኳን ባይተከል በላስቲክ እንጋርዳለን፣ ዳሂርም ወረቀት ሳልጠይቅ እመጣለሁ ብሎኛል። እሷ የጠየቀችኝ ግን ስለ ሸራ አይደለም። ይህን ሁሉ ዘመን አብራው የተላቀሰችው ሰፈር ሰው ብሎ ቆጥሯት እንደሆነ ማወቅ ነው የፈለገችው፤ መልሱን ደግሞ በሕይወት እያለች መስማት አለባት።

ስለዚህ የምለምንዎት ሁለት ነገር ነው። በሠንጠረዡ ላይ «ያሳደገ» የሚል መስመር ይግባና ልክ እንደ እናትና አባት አንድ ይሁን። ሌላው ደግሞ ማክሮው ባዶ ሲያገኝ ዜሮ ብሎ ከሚፈርድ ቆሞ ሰው ይጠይቅ። እኛ አለን፣ ሰፈሩ ገና ሰው አለው። ሰይፈ ሚካኤል የቀረበለት ሻይ ሳይቀዘቅዝ የሚያልቅ ሥራ ነው ብሎኛል፤ የቸገረው ያለ እርስዎ ፈቃድ ሠንጠረዡን መንካት ስለማይችል ነው። ፈቃድዎ ከሻይ የበለጠ ጊዜ እንደሚፈልግ ስለማውቅ፣ በዚሁ አጋጣሚ ስለ ትዕግሥትዎ አመሰግናለሁ።

ዕድሜና ጤና ይስጥዎት፤ ወንበርዎንም ያጽናልዎት። በየለቅሶው ትሪ ተሸክማ ክንዷ የዛለ፣ ለእርስዎ ያላት አክብሮት ግን ገና ዜሮ ያልደረሰ፣

ሰርካዲስ
የዕድሩ አባል
ድሬ ዳዋ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ከመለጠፌ በፊት ሰይፈ ሚካኤልን አንድ ነገር ሞክርልኝ ብዬው ነበር። ከሕፃንነቷ ጀምሮ እንደ ልጅ የሚያሳድጓት የእህትዎ ልጅ ኑሀሚን ነገ ትልቅ ሰው ሆና፣ ትዳር ይዛ፣ በራሷ ስም አባል ስትሆን፣ ለአጎቷ ለእርስዎ ስታለቅስ ወደ ቤቷ ስንት ሰው ይላክላታል አልኩት፤ ቀኑን ያርቀው። ሞከረው። አጎትም በሠንጠረዡ የለም። የወጣውን ቁጥር እዚህ አልጽፈውም፤ ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በዚህ በር ነው የምታልፈው።