የደፋሁት የጎመን ውሃ

ሰኞ

የቆርቆሮ አተር! በእኔ ወጥ ቤት! የመሥሪያ ቤታችን ክበብ ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ግርማ ዛሬ ሦስት ቆርቆሮ ታቅፈው መጡ፤ አተር፣ ካሮት፣ ፎሶሊያ። የሠራተኛው የጾም ምሳ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ በዚህ ይሠራ የሚል ሐሳብ ቀርቧል አሉ። «መላጥ የለ፣ መክተፍ የለ።»

መላጥና መክተፍ ከሌለ ዘይነባም የለችም። ረዳቴ ናት፤ እሷ ትከትፋለች፣ እኔ አበስላለሁ። ሁለት ልጆች ታሳድጋለች። ኮሚቴው ዓርብ ይወስናል።

እኔ ደግሞ አፌ መች ያርፋል! «ወጥ ቤቴ ቆርቆሮ ገብቶበት አያውቅም! ትኩስ አትክልት እንደሚበልጥ የክሊኒካችን ነርስ ትመስክር!» ብዬ ፎከርኩ። ዕድሜ ልኬን ልደታ ፍርድ ቤት አጠገብ ኖሬ ምስክር መጥራት ብለምድ አይገርምም።

ማክሰኞ

ምስክሬ ጉድ ሠራችኝ።

ሲስተር ሄለን የመጣችው ጎመን በምንሠራበት ሰዓት ነው። ደስ አለኝ፤ ትየን ብዬ። ዘይነባ ከተፈች፣ የከተፈችውን አጠበች። እኔ በብዙ ውሃ ቀቀልኩ፣ አጠለልኩ፣ በሁለት እጄ ጥምዝዝ አድርጌ ጨመቅኩ፣ አረንጓዴውን ውሃ ማጠቢያው ላይ ደፋሁት። እናቴም እንዲህ ነበር የምትሠራው።

ልጅቷ ይሄን ሁሉ አይታ፣ «እትዬ ብርቄ፣ ቫይታሚኑን ደፉት እኮ» አለችኝ። እሷ እንደምትለው ተከትፎ ሲታጠብ ይሄዳል፣ ሲቀቀል ይሄዳል፣ የቀረውን ደግሞ እኔ ጨምቄ አስወጣዋለሁ። የቆርቆሮው አተር ግን እንደተለቀመ ብዙ ሳይቆይ ይታሸጋል፤ ሲታሸግ እሳቱ ትንሽ ይጎዳዋል እንጂ ከዚያ በኋላ ብዙም አይለወጥም። ክፋቱ ጨው ይበዛበታል።

ይሄ አልበቃ ብሎ መደርደሪያዬን አየች። «ያ ምንድን ነው?» ማንኪያ የማስቀምጥበት የሳልሳ ቆርቆሮ! ሳልሳ ቲማቲም መሆኑን እንዴት እረሳለሁ? ስንት ዓመት ወጥ ስሠራበት! ዘይነባ ሳቋን በሻርፗ ሸፈነች።

«ዓርብ ያየሁትን ነው የምናገረው» ብላ ሄደች።

ረቡዕ

የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ በሲስተር ሄለን እየተናደድኩ መውጣት ጀመርኩ። ሦስተኛ ፎቅ ስደርስ የተናደድኩት በራሴ ነበር። አራተኛ ፎቅ፣ ቤቴ ገብቼ ጎመን አወጣሁ።

ቅጠሉን ሳልከትፍ አጠብኩት። ከትፌ ሽንኩርትና ዘይቱ ላይ ጨመርኩ፣ ከደንኩት፣ በራሱ ውሃ በሰለ። የጨመቅኩት ነገር የለም። ባለቤቴ አንዴ ጎርሶ ቀና አለ። «ዛሬ ጎመኑ ምን ሆነ? ጎመን ጎመን ይላል!»

ሠላሳ ዓመት ሳበላው ምን ምን ይለው ኖሯል?

ሐሙስ

ለወጥ ቤቱ ሕግ ጻፍኩ፦
ቅጠል ሳይከተፍ ይታጠብ።
ክዳን አይረሳ።
መጭመቅ ክልክል ነው!
የሳምንት ጎመን በአንድ ቀን መግዛት ቀረ፤ በየሁለት ቀኑ ይገዛ። ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ አራት ቀን የከረመ ጎመን ምኑን ትኩስ ሆነ?
የቆርቆሮ አተር ውሃው ይደፋ፣ አተሩ ይታጠብ። የሚደፋውስ እንዲህ ያለው ጨዋማ ውሃ ነው።

ዘይነባ አነበበችው። «እትዬ፣ ነገ ምን ልትይ ነው?»
«እውነቱን።»
«እውነቱ እኔን ከሥራ ቢያስወጣኝስ?»
ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ።

ዓርብ

በኮሚቴው ስብሰባ ሲስተር ሄለን አፏን ሳትከፍት ተነሣሁ። «ዋናውን ነገር ስደፋባችሁ የኖርኩት እኔ ነኝ» አልኩ። ሁለት ሳህን አቀረብኩ፤ አንዱ እንደ ድሮው የተጨመቀ፣ ሌላው በራሱ ውሃ የበሰለ። ቀመሱ። ሁለተኛው ሳህን አለቀ፤ አቶ ግርማ መረቁን በእንጀራ እየጠረጉ ነው ያወሩት።

ሲስተር ሄለንም እውነቷን ተናገረች። ትኩስ አትክልት ቶሎ ተበልቶ፣ በአግባቡ ከበሰለ ይበልጣል፤ ታጥቦ የሚሠራ የቆርቆሮ አተርም ነውር የለበትም።

አቶ ግርማ ሕጌን አንብበው፣ «ቅጠሉን አንድ በአንድ ማጠብ፣ በየሁለት ቀኑ ገበያ መሄድ... ይሄን ሁሉ ማን ይሠራዋል?» አሉ።
«ዘይነባ!» አልኩ፤ ጮክ ብዬ ሳይሆን አይቀርም፣ ሁሉም ሳቁ።

ተወሰነ። ጎመን፣ ካሮትና ፎሶሊያ ትኩስ፣ አተር ከቆርቆሮ፤ ዘይነባም ከሥራዋ አትወጣም። እስከ ፋሲካ ይታያል ተብሏል። ከዚያ ወዲያ ያለውን እግዜር ያውቃል፤ እኔ ግን ዛሬ ኮርቻለሁ። ባልናገር ኖሮ እንዲህ አልኮራም ነበር።

ለዘይነባ ነገርኳት። እጄን ስማ ማጠቢያው ጋ ሄደች፣ ለሰኞው ጎመን የሚሆነውን ትልቁን ሳፋ ፈትጋ አጠበችና አጠገቤ አስቀመጠችው።