አባቴን በሕዝብ ፊት ኳስ ላስወረወሩት ኃላፊ

ለተከበሩ አቶ ታረቀኝ
የሰፈራችን ወጣት ማዕከል ኃላፊ
ጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ማይክሮፎንዎ የጠራና የበረታ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። ይህን ደብዳቤ በግልጽ የምጽፍልዎት አባቴም የተዋረደው በግልጽ ስለሆነ ነው።

አንደኛ፣ ማዕከሉ ስላስመጣው «ቦውሊንግ» የተባለ በእንቅስቃሴ የሚሠራ የቪዲዮ ጌም አመሰግናለሁ። በምረቃው ዕለት እንዳስረዱን፣ ቁልፍ መለየት ሳያስፈልግ ጆይስቲኩን ይዞ እጅን ማወናጨፍ ብቻ ይበቃል፤ ስክሪኑ ላይ ያለው ኳስ ተንከባሎ ዒላማዎቹን ይጥላል። እውነትም ምቹ ነው፤ አንድ የስድስት ዓመት ሕፃን ሁሉንም ሲጥል አይቻለሁ። ለአረጋውያንም እንደሚመች ለማሳየት ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል አባቴን መርጠው ስላወጡት ደግሞ ምስጋናዬ የበለጠ ነው።

ሁለተኛ፣ አባቴ አርባ ዓመት የሸመነ ሰው ነው። መወርወሪያውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው የሚሰደው በእጁ አንጓ ብቻ ነው፤ ትከሻው አይነቃነቅም። ጆይስቲኩንም እንደዚያው በአንጓው ሰበቅ አደረገው። ኳሱ ንቅንቅ አላለም። ደገመው፤ ኳሱ ወደ ጎን ሄደ። ማሽኑን የምትቆጣጠረው ሠራተኛዎ ኢየሩ «አንዴ ይቆዩ፣ ላስተካክለው» ስትል ሰምቻለሁ። እርስዎ ግን የእንግዶች ጊዜ እንዳይባክን አስበው «አባባ፣ በኃይል!» አሉ። አባቴ ታዛዥ ነውና በኃይል ወረወረ፤ ሚዛኑን ስቶም በጉልበቱ ወደቀ። «አባባ ኳሱን ትተው ራሳቸውን ወረወሩ!» የሚለው ቀልድዎ አዳራሹን በሳቅ ሞላው።

ሦስተኛው ቅሬታ ለእርስዎ የሚጻፍ አይደለም። በስልኬ እየቀረጽኩ ነበር። አባቴን ሮጬ በማንሳት ፈንታ ሳቅሁ፤ ከሁሉም በላይ ሳቅሁ። ቪዲዮውንም ለማዕከሉ ገጽ የላክሁት እኔው ነኝ።

በማግስቱ አባቴ ነጠላ ሊያስረክብ ወደ ሱቆቹ ወርዶ «ጋሼ ቦውሊንግ መጡ!» ተብሎ ተመለሰ። «ማን እንደቀረጸኝ አይተሻል?» ብሎ ጠየቀኝ። ዓይን ዓይኑን እያየሁ «አላየሁም» አልኩት።

ሁልጊዜ በሩን ከፍቶ የሚሸምነው ሰው አሥራ አንድ ቀን ሙሉ በሩን ዘግቶ በአምፖል ሸመነ። ጠዋት የሠራውን ጥለት ከሰዓት መልሶ ይፈታዋል። ለእናቴ «እጄ ከድቶኛል፤ ማሽኑ እንኳ አወቀብኝ» ሲላት ከግድግዳው ማዶ ሰማሁት።

ቪዲዮው ይነሳልኝ ብዬ ቢሮዎ ስመጣም «እንዴ እህቴ፣ ሃያ ሺህ ሰው አይቶታል እኮ! አባባን ታዋቂ አደረግናቸው!» ብለው ስላበሰሩኝ ውለታዎን አልረሳም።

ወደ ቤታችን የሚያወጣውን ዳገት ኢየሩ ብቻዋን ወጣችው። ከአባቴ አጠገብ ተቀምጣ «አባባ፣ ማሽኑ ከእርስዎ በፊት ለተጫወተው ሕፃን እንደተስተካከለ ነበር፤ የመስኮቱ ፀሐይም የማሽኑ ካሜራ እጅዎን እንዳያይ ጋርዶታል። ጥፋቱ የእኛ ነው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለችው። አባቴ መዳፉን ሲያገላብጥ ቆየ። «እንግዲያው እጄ ደህና ነው?» አላት። «ደህና ነው፣ አባባ» አለችው። ተነሣና በሩን ከፈተ።

እሷን ሸኝቼ ስመለስ «አባዬ፣ የቀረጽኩህ እኔ ነኝ» አልኩት። ቀና ብሎ ሳያየኝ «የልጄን ሳቅ መለየት ያቅተኛል?» አለኝና መወርወሪያውን አነሣ። እስከ ዛሬ ይቅር ብዬሻለሁ አላለኝም፤ ለመጠየቅም ፊት አላገኘሁም።

እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ እኔ የራሴን ቅጂ አጥፍቻለሁ፤ የእርስዎ ገጽ ላይ ያለው ግን ከጨመሩበት ሙዚቃ ጋር አለ። ከብዙ ሥራዎ መካከል ጊዜ ሲተርፍዎት ቢያነሱልን፣ ይቅርታውንም ቀልዱን በተናገሩበት ድምፅ ማጉያ ቢያሰሙልን፣ የማዕከሉ አገልግሎት ለአረጋውያን እንደሚመች በእውነት እመሰክራለሁ።

አብሬዎት በመሳቄ እያፈርኩ፣ ለወንበርዎ የሚገባውን አክብሮት ሁሉ የማቀርብልዎት

ሚስጥር አምኃ

ማስታወሻ፦ በዕለቱ ለአባቴ የሸለሙት የምስጋና ወረቀት «ለአቶ ............» ይላል። ስሙን የጠየቀው ሰው ስላልነበረ ቦታው ባዶ ቀርቷል። ሊሞሉት ከፈቀዱ፣ ከስሜ ቀጥሎ ያገኙታል።