እናቴን ከታጠበ ሳንቲሟ ጋር ላቆዩልኝ የድንበር ፍተሻ ኃላፊ

ለተከበሩ የድንበር ፍተሻ ጣቢያ ኃላፊ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎ የጠለቀ፣ ወንበርዎም እንደ ወትሮው ያለ ድምፅ የሚሽከረከር እንዲሆን እመኛለሁ። የእኔን ደህንነት ለማወቅ ከፈለጉ፣ ይህን ወረቀት ደጋግሜ ቀድጄ እንደ አዲስ ጀምሬዋለሁ። ለቢሮዎ በቀጥታ ማስገባት ሲገባኝ በጋዜጣ ማውጣቴን ግን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ፤ ቢሮዎ የገባ ነገር ቶሎ እንደማይወጣ ከእናቴ ስለተማርኩ ብቻ ነው።

እናቴን ሐሙስ ጠዋት ስላስገቧት ያውቋታል፤ አንባቢዎች ግን አያውቋትምና ላስተዋውቃት። በድንበሩ መናኸሪያ የሕዝብ መጸዳጃ ቤት የምታጸዳ ሴት ናት። ከማዶ የሚመጡ መንገደኞች ሲወጡ በር ላይ ባለው ሳህን የአገራቸውን ሳንቲም ይጥሉላታል። ያንን ሳንቲም እኛ ዘንድ የሚቀበል የለም፤ ባንኩም መንዛሪውም «ወረቀት ካልሆነ አንነካም» ይላሉ። ስለዚህ ዓመት በዓመት ላይ በቀለም ቆርቆሮ እየሞላ አልጋዋ ሥር ተደረደረ። የፊት ጥርሶቿ ሲረግፉ ማዶ ያለ የጥርስ ሐኪም «ሳንቲምም ይሁን፣ ይዘሽው ነይ» አላት። እሷም ከሽንት ቤት የወጣ ገንዘብ ለሐኪም እንዲሁ አይሰጥም ብላ፣ እያንዳንዱን በኮምጣጤና በጨው፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እየፈተገች አጠበችው። ሳንቲሙ እንደ መስታወት አበራ። ጥፋታችን ይኸው ነው።

አሁን ቅሬታዬን፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፤ የበር ጠባቂዎ ለሰጠን ምክር አመሰግናለሁ። እናቴ ከዋዜማው ሄዳ ምን ያህል ማሻገር እንደሚፈቀድ ብትጠይቀው፣ ስቆ «ሳንቲም ደግሞ ገንዘብ ነው እንዴ፣ እማማ? ይዘሽ እለፊ እንጂ!» ብሎ ሸኝቷታል። በማግስቱ ቆርቆሮዎቹን በእጅ ጋሪ እየገፋን ስንደርስ ግን ያው ሳንቲም ገንዘብ ሆኖ፣ ገንዘብም ብቻ ሳይሆን «ከፍተኛ መጠን ያለው የውጭ ገንዘብ» ሆኖ ጠበቀን። በአንድ ሌሊት እንዲህ ያለ እድገት ያገኘ ሰው በመሥሪያ ቤትዎ ይኖር ይሆን?

ሁለተኛ፤ ለፈታሽዎ ንቁ ዓይን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ክዳኑን ከፍቶ የሳንቲሙን ማብራት ሲያይ ወዲያው «ይሄማ ትናንት የተሠራ ነው፣ ፎርጅድ!» አለ። እናቴ ጥርሷ ስለሚያሳፍራት እጇን በአፏ ላይ ሳታደርግ አታወራም። «ልጄ፣ አጥቤው ነው» ስትለው፣ «እጅሽን አውርጂ! ምን ትደብቂያለሽ?» ብሎ ጮኸባት። አወረደችው። የደበቀችውንም አየ። ባልደረቦቹም አዩና ሳቁ። እናቴ ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልተናገረችም፤ ይህንንም ፈታሽዎ «ለመተባበር ፈቃደኛ ያልሆነች» ብሎ እንደመዘገበው በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ሦስተኛ፤ እኔ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ መምህርት ነኝ። ነገሩ በእውቀት እጦት የመጣ መስሎኝ፣ ኮምጣጤና ጨው ሲገናኙ የመዳብን ዝገት እንዴት እንደሚያስለቅቁ፣ ለተማሪዎቼ እንደማስረዳው ረጋ ብዬ አስረዳሁ። ከፈለጉ የራሳቸውን ሳንቲም እዚያው ፊታቸው እንደማጥብላቸውም ነገርኳቸው። ፈታሽዎ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ካዳመጠኝ በኋላ ወደ ጓደኛው ዞሮ «አየህ? ባለሙያዋ ይቺ ናት» አለ። እኔ አፌን በከፈትኩ ቁጥር እናቴ ዓይኗን ታፈጥብኝ ነበር፤ ዝም በይ ማለቷ እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ዲግሪዬን ይዤ ሰኞ እንድመለስ፣ እስከዚያው እናቴ «እንደ መያዣ» እንደምትቆይ ተነገረኝ። ዲግሪዬን ስመረቅ ብዙ ሰው አይቶልኛል፤ እንደ ማስረጃ ሊያዩት የጓጉ ግን እርስዎና ባልደረቦችዎ የመጀመሪያዎቹ ናችሁ።

ክቡርነትዎ፣ ስለ አራተኛው ለመጻፍ እፈራለሁ። እስካሁን ያልኩት ስለ ስህተት ነው፤ ስህተት ደግሞ ይታረማል። ትናንት ግን ማዶ ተመላልሶ የሚሠራ የአውቶቡስ ሹፌር ቤቴ መጣ። ቁጭ በል ስለው አልቀመጥ አለ፤ በር ላይ እንደቆመ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እህቴ፣ የእናትሽ ሳንቲም ከእናትሽ ቀድሞ ድንበር ተሻግሯል» አለኝ። ማዶ ያለችው ሻይ ሻጭ የጣቢያው ሰዎች በሚያብረቀርቅ ሳንቲም እንደሚከፍሏት፣ ኮምጣጤ ኮምጣጤ እንደሚልም እየሳቀች አሳይታዋለች። ከዚያ «እኔ አልነገርኩሽም» ብሎኝ ሄደ። በሩን ቆልፌ ወንበር አስደገፍኩበት።

ፎርጅድ ከሆነ ሰዎችዎ ለምን ይገበያዩበታል? ፎርጅድ ካልሆነስ እናቴ ለምን ትታሰራለች? ጥያቄው ቀላል ነው፤ ተማሪዎቼ ደወል ሳይደወል ይመልሱታል። የሚያስፈራኝ መልሱ አይደለም። የሚያስፈራኝ፣ መልሱን የሚያውቁት ሰዎች እናቴ ያለችበትን ክፍል ቁልፍ መያዛቸው ነው። የሚያልፍ መኪና ቤቴ ፊት ፍጥነቱን ሲቀንስ መብራት አጠፋለሁ። ደረጃው ላይ ኮቴ ስሰማ እስኪያልፍ ትንፋሼን እይዛለሁ። ሰኞ ከሄድኩ ሁለታችንም ልንቀር እንችላለን፤ ካልሄድኩ እሷ ብቻዋን ትቀራለች። ሌሊቱን ሙሉ ያሰብኩት ይህንኑ ነው፤ ሲነጋም እሄዳለሁ ብዬ ወሰንኩ።

ስለዚህ ከትልቅነትዎ የምለምነው ጥቂት ነው፤ ሳንቲሙን የሚመረምር ሰው ይመደብ፣ የተረፈው ሳይሻገር ይቆለፍበት፣ እናቴም ወደ ቤቷ ትመለስ። ጥርሱ ይቅር፤ ያለ ጥርስም እናቴ ናት።

እናቴን ያለ ኪራይ አስጠልለው፣ እኔንም ከመምህርትነት ወደ ወንጀለኛነት በአንድ ቀን ያሳደጉኝን የክቡርነትዎን ውለታ ዘወትር የማልረሳ፣ በታላቅ አክብሮትና ከዚያ በበለጠ ፍርሃት፣

የጽዳት ሠራተኛዋ ልጅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ አድራሻዬን ፍለጋ ሰው አያድክሙ፤ ጋዜጣው በሚወጣበት በዚያው ሰኞ ጠዋት፣ ዲግሪዬን ይዤ በዋናው በር እገባለሁ። አትፈራም ብለው ለሰዎችዎ አይንገሩልኝ፤ ዲግሪውን እንደ ጋሻ ደረቴ ላይ ለጥፌ ስገባ ስለሚያዩ ውሸታም ያደርጉዎታል። በየትኛው በር እንደገባሁ ግን ይህን ያነበበ ሁሉ ያውቃል። መቼና ከማን ጋር እንደምወጣ የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ስለሆኑ፣ አንባቢዎች እኔን ሳይሆን እርስዎን እንዲጠይቁ አደራ ብያለሁ።