በግራ እጄ ያሰርኩት ሽቦ

እኔ፣ በአየር ኃይሉ ስኳድሮን ውስጥ «ጠምዛዥ» ተብዬ የምጠራ፣ የአራት ቁጥር ተዋጊ አውሮፕላን ዋና መካኒክ የነበርኩ፣ ዛሬ ሐሙስ ጥቅምት ዐሥራ ሁለት ቀን፣ ጦርነቱ ባበቃ በአርባ አንደኛው ዓመት፣ ከጠዋቱ በአራት ሰዓት፣ በመኝታ ክፍሌ ተቀምጬ ይህን የመጨረሻ ቃሌን እናገራለሁ። ጉልበቶቼ ከድተውኛል፤ ሐኪሙም የልቤን ነገር ለእኔ መንገር ትቶ ለልጄ በኮሪደር ይነግራታል። አእምሮዬ ግን ሙሉ ነው። ማንም አላስገደደኝም፤ ሊያስገድደኝ የሞከረም ቢኖር እስከ ዛሬ አልሆነለትም። ጸሐፊው ይህ የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር በኑዛዜ አይገባም ብሎኛል፤ እንዲገባ አዝዣለሁ።

ምስክሮቼ በስኳድሮኑ ጥይትና ሮኬት ይጭን የነበረው ጓደኛዬና ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ ናቸው። ሦስተኛው ጫማ ሰፊው ነበር፤ ጉንፋን ይዞኛል ብሎ ቀርቷል። ጸሐፊው «ሦስተኛ ካልተገኘ ነገ እንጨርሳለን» ይላል። እኔ ለነገ ቀጠሮ የምይዝበት ዕድሜ አልፎኛል፤ እንጀምር።

አንደኛ፤ የፓምፕ መጠገኛ ሱቄ ከነመሣሪያው ለታላቋ ልጄ ይሁን። ከስኳድሮኑ ስባረር ይዤ የወጣሁት እጄንና አንድ ፒንሳ ብቻ ነበርና በዚያች ሱቅ ሠላሳ ስምንት ዓመት የውኃ ፓምፕ ጠግኜ ልጆች አሳደግሁ። «ሴት ልጅ ቁልፍና ፒንሳ ይዛ ማን ያገባታል?» ስትሉኝ የነበራችሁ ሁሉ፣ ፓምፓችሁ በቆመ ቁጥር በሩጫ የምትመጡት ወደ እሷ ነው። ያገባትም ከደንበኞቿ አንዱ ነው፤ ፓምፑ ደኅና ሆኖ ሳለ ሦስት ጊዜ አምጥቶታል።

ሁለተኛ፤ ይህ ቤት ለወንዱ ልጄና ለሚስቱ በእኩል ይሁን። ምራቴ አራት ቁጥርን ያበር የነበረው የአብራሪዬ ልጅ ናት። ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ለማያውቅ ሰው፣ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ።

በሥራችን አንድ ብሎን ካጠበቅህ በኋላ ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ እንዳይላላ በቀጭን ሽቦ ጠምዝዘህ ታስረዋለህ። እኔ የምሠራው በግራ እጄ ስለ ሆነ ሽቦዬ ከሰው ሁሉ ሽቦ በተቃራኒ ይዞራል፤ ቅጽል ስሜም ከዚያ መጣ። ተቆርጦ የወጣ አሮጌ ሽቦ ደግሞ መሬት አይጣልም፤ ጣሳ ውስጥ ይገባል፤ ጣሳውን ተቆጣጣሪው ያየዋል። በጦርነቱ የመጨረሻ ሳምንት፣ አንድ ጠዋት የነዳጅ ቱቦውን ማያያዣ ፈትቼ፣ ፈትሼ፣ መልሼ አጥብቄ፣ አዲስ ሽቦ እንዳሰርኩበት ሳይረን ጮኸ። አሮጌውን ሽቦ እዚያው በአውሮፕላኑ ማደሪያ፣ በሃንጋሩ ወለል ላይ ጥዬ ወደ መሰላሉ ሮጥኩ። ጥፋቴ ይህ ነው፤ ከዚህ አልፎ ሌላ የለኝም።

አብራሪዬ ቀበቶውን ሳስርለት እንደ ልማዱ «ጠምዛዥ፣ ትመልሰኛለህ?» አለኝ።

«አንተ ብቻ ውጣ፤ እሷ ትመልስሃለች» አልኩት፣ አውሮፕላኗን ጎኗን መታ አድርጌ።

ወጣ። ከተማውን ሊደበድቡ ከመጡት የጠላት አውሮፕላኖች ሁለቱን ጣለ፤ የቀሩትን እንዳመጣጣቸው መለሰ። ከከተማው አንድ ጣሪያ እንኳ አልጎደለም። እሱ ግን ሲመለስ ሞተሩ ጠፍቶ ከነአውሮፕላኑ ከግድቡ ውኃ ገብቶ ቀረ። አጣሪዎቹ አውሮፕላኑን ማውጣት አቃታቸው፤ በሃንጋሩ ወለል ላይ ግን የእኔን የተቆረጠ አሮጌ ሽቦ አገኙ። «ማያያዣው ተፈትቶ ሳይታሰር ቀርቷል፤ ላልቶ ነዳጁ ፈሷል» ብለው ጻፉ። አዲሱን ሳስር ያየኝ ሰው አልነበረም። ማዕረጌን ገፈው አባረሩኝ።

ከሁሉ የከፋውን ለልጆቼም ነግሬያቸው አላውቅም። እያደር እኔም ራሴን ጠረጠርኩ። እጄ ሲያስር ትዝ ይለኛል፤ ግን የዚያን ቀኑ ነው ወይስ የትናንትናው? ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «አስረሃል። የጆንያ አፍ እንኳ ሁለቴ ሳታስር የማታልፍ ሰው አውሮፕላን ሳታስር ትለቃለህ?» ትለኝ ነበር። በዚህ ዓለም አንድ ቀን እንኳ ያልተጠራጠረችኝ እሷ ብቻ ናት። እኔ እንኳ ስለ ራሴ ያን ያህል አልቆምኩም።

ልጄ የአብራሪውን ልጅ ሲወድ እናቷ «ባሌን ለበላ ቤት ልጅ አልሰጥም» አሉ። ልጆቹ ያለ እሳቸው ተጋቡ። እሳቸው ለሠርጉ አልመጡም፤ በዚህ ደጃፍም አላለፉም። ሁለቱ የልጅ ልጆቻችን ሁለታችንን በአንድ ቀን አይተውን አያውቁም። አልቀየምኳቸውም። እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን ከዚህ የባሰ እናገር ነበር።

አሁን ደስ ወደሚለው ልምጣ። ባለፈው ወር ግድቡ ሊጠገን ውኃው ሲለቀቅ የአራት ቁጥር ጅራት ከጭቃው ብቅ አለ። ስኳድሮኑ መኪና ልኮ እኔንና ጥይት ጫኙን አስመጣን። ሞተሩ በሸራ ላይ ተጋድሟል፤ ጭቃው ታጥቧል። አንዲት ወጣት መሐንዲስ የባትሪ መብራት ይዛ ጎንበስ አለችና «ይህን ያሰረው ሰው ግራኝ ነው?» አለች።

ሽቦው እንዳለ ነበር። አንድ ዙር አልላላም። ሞተሩን የገደሉት አራት የጠላት ጥይቶች ናቸው፤ ቀዳዳቸው ጣት ያስገባል። ግራ እጄን አነሣሁ። ከጦርነቱ ወዲህ ስለዚያ ቀን ቃል ተንፍሶ የማያውቀው ጥይት ጫኝ «ይኸው ሰውየው! ይኸው! እዚህ ቆሟል!» እያለ ሃንጋሩን አደበላለቀው። ወጣቶቹ መካኒኮች ሥራቸውን ትተው ዙሪያዬን ቆሙና አጨበጨቡልኝ። አለቀስኩ፤ ሳቅሁም፤ የትኛው እንደ ቀደመ አላውቅም። አስሬ ነበር! አብራሪዬን የጣለው ጠላት እንጂ እጄ አይደለም። ከስኳድሮኑ የደረሰኝ ደብዳቤም «የጥገና ጉድለት አልነበረም» ይላል፤ ማዕረጌም ተመልሷል። ስሞት ከግድግዳው ፎቶዬን ብታወርዱ ግድ የለኝም፤ ከጎኑ የሰቀልኩትን ደብዳቤ የነካ ግን ርስቴን አይንካ።

ሦስተኛ፤ ያ ሥራ የተሠራበት ፒንሳ ለምራቴ ይሁን።

አራተኛ፤ ወፍራሙ ካፖርቴ ለባለቤቴ ወንድም ይሰጠው። በተባረርኩበት ሰሞን «ስለ ስኳድሮን ለሰው አታውራ፣ እኛንም ታሰድበናለህ» ብሎኝ ነበር። ካፖርቱ ይሞቃል። ለብሶት ይዙር፤ የማን ነው ሲሉትም ይናገር።

አምስተኛ፤ መሐንዲሷ ፈትታ የሰጠችኝ፣ በክብሪት ቀፎ ያኖርኩት ሽቦ ለአብራሪዬ ባለቤት ይሁን። ደብዳቤው ለእሳቸውም መድረሱን አውቃለሁ፤ ሦስት ሳምንት ሆነው፤ ምንም አልሰማሁም። አይፈረድባቸውም።

ለልጆቼ ምክሬ አንድ ነው፤ ደኅና ሥራ ስትሠሩ ሰው ጠርታችሁ አሳዩ። ትሕትና ነው ብላችሁ ብቻችሁን አትሥሩ። ንጹሕ እጅም ምስክር ያስፈልገዋል።

እዚህ ላይ በሩ ተንኳኳ። ጸሐፊው ብዕሩን ሊያስቀምጥ ሲል «ጻፍ፣ የሚሆነው ሁሉ ይጻፍ» አልኩት። ልጄ ከፍታ ወደ ጎን ቆመች። የገቡት የምራቴ እናት ናቸው።

«እንዴት አደሩ?» አሉኝ።

«ይመስገነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ መነሣት አልችልም።»

«ይቀመጡ። መቆም ያለብኝ እኔ ነኝ።»

ልጄ ወንበር አቀረበችላቸው። አምስተኛው ተራ እንዲነበብላቸው አደረግሁ። ሽቦውን ከክብሪት ቀፎው አውጥተው ወደ መስኮቱ አስጠጉት፤ ብዙ አዩት። ከዚያ የወረቀቱን ግርጌ አይተው «ሦስተኛው ቦታ ለምን ባዶ ሆነ?» አሉ።

«ምስክር ቀርቶብን ነው» አላቸው ጸሐፊው።

«እኔ እሆናለሁ።»

«እሜቴ፣ እርስዎ ወራሽ ነዎት። የሚወርስ ሰው ምስክር ሊሆን አይችልም።»

«እንግዲያው አምስተኛውን ሰርዘው።»

«ኧረ አይሆንም!» አልኩ እኔ። «ከባለቤትዎ ጋር ወርዶ የወጣ ነው እኮ።»

«ለልጄ ይስጧት፤ ስመጣ አየዋለሁ። እርስዎ እንዲባረሩ ቤተሰባችን ክስ ሲያቀርብ መጀመሪያ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ያ ወረቀት ዛሬም የሆነ መዝገብ ቤት አለ። እዚህኛው ላይ ካልፈረምኩ እንዴት እተኛለሁ?»

ጥይት ጫኙ አፍንጫውን በመሐረብ ያዘ። ስለዚህ አምስተኛው ተራ በፈቃዴ ተሰርዟል፤ ሽቦውም ለምራቴ ይሁን። ከዚህ በላይ የምጨምረው የለኝም፤ ጨርሻለሁ፤ ደስ ብሎኛል።

ተናዛዡ፣ በግራ እጄ ፈርሜአለሁ።

አንደኛ ምስክር፣ ጥይት ጫኙ፦ ሲናገር ሰምቻለሁ። አእምሮው ሙሉ ነው፤ ምላሱም አልጎደለም።

ሁለተኛ ምስክር፣ ፀጉር አስተካካዩ፦ ከላይ ያለው ሁሉ በፊቴ ተነግሯል፤ ስርዙም በፊቴ ተሰርዟል።

ሦስተኛ ምስክር፣ የአብራሪው ሚስት፦ ከመጀመሪያው ተነብቦልኝ ሰምቻለሁ። በዚህ ሰው ላይ በወጣትነቴ የፈረምኩትን ክስ በዚህ ፊርማዬ አንሥቻለሁ።